መዶሻ፣ ባለ ምላጩ መሣሪያ ወይስ ዱቄቱ? የጥብስ ስጋ ጎማ ሲሆን የሚሠራው የቱ ነው?

ሚጥሚጣ_27 (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ቤት ውስጥ ሦስት ዓይነት የስጋ ማለስለሻ አለ፤ የትኛው ለየትኛው ስጋ እንደሚሆን ግን ግልጽ አይደለም። አንደኛው የአሉሚኒየም መዶሻ ነው፤ አንዱ ፊቱ ለጥ ያለ፣ ሌላው ጥርስ ጥርስ ያለው። ሁለተኛው ከላይ ሲጫኑት ስስ ምላጮች ከሥሩ ብቅ የሚሉለት መሣሪያ ነው፤ ካርቶኑ ላይ 48 ምላጭ ይላል። ሦስተኛው ከውጭ የመጣ ነጭ ዱቄት ነው፤ ጀርባው ላይ ጨው፣ ስኳርና «ፓፔይን» ተብሎ ተጽፏል።

ስጋው የበሬ ነው። በታረደበት ቀን ከልኳንዳ ይገዛል፣ በበዓል ደግሞ የቅርጫ ነው። በግምት 2 ሳንቲ ሜትር እየሆነ ተቆርጦ በሎሚና በጨው ያድርና ጠዋት ይጠበሳል። ውጪው ነጥቶ ፍርፍር ይላል፣ ውስጡ ጎማ ነው። በሎሚው ፈንታ ፓፓያ ተፈጭቶ ሲያድርበት ደግሞ ገንፎ ሆነ።

ጥያቄዎቼ፦ መዶሻው ለጥብስ ይሆናል ወይስ ለኮቶሌታ ብቻ ነው? ባለ ምላጩን ለክትፎ ስጋ መጠቀም ይቻላል? የዱቄቱ ልክ ለአንድ ኪሎ ስንት ነው? ቤኪንግ ሶዳ የሚሉም አሉ፤ እሱስ?


ባለመጥበሻ

መጀመሪያ ሎሚውን አቁሚ። የሎሚ አሲድ ባደረበት ስጋ ውስጥ የሚገባው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ እዚያችው ላይ ስጋውን ያለ እሳት ያበስለውና ውሃውን ያስተፋዋል። ውጪው ነጥቶ ውስጡ እንዳለ የቀረው ለዚህ ነው። ሎሚ ለጣዕም ከሆነ ጥብሱ ከእሳት ሲወርድ ጠብ ይደረግበታል።

መዶሻው። መዶሻ የስጋውን ክር ይሰብራል፤ ወፍራም ጅማት ግን አያሸንፍም። ስለዚህ ዋና ሥራው ስስ ሆኖ ቶሎ ለሚበስል ነገር ነው፤ ከጣሊያን ወጥ ቤት ወደኛ የገባው ኮቶሌታ ዋነኛው ነው። አሠራሩ፦

ከሙዳ ወይም ከሳልገኝ ክሩን አቋርጠሽ 1.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ አውጪ። ዳር ዳሩን የያዘውን ነጭ ሽፋን ግፈፊ፤ ተጣብቆ እምቢ ካለ በየ3 ሳንቲ ሜትሩ በቢላ ጫፍ በጣጥሺው። ይህ ካልተደረገ ሽፋኑ እሳት ሲነካው ይሰበሰብና ቁራጩ እንደ ሳህን ይጎደጉዳል፤ መሀሉ መጥበሻውን ሳይነካ ይቀራል። መክተፊያው ሥር እርጥብ ፎጣ አንጥፊ፣ እንዳይንሸራተት። ስጋውን ጎንና ጎኑ በተቀደደ ወፍራም ፌስታል መሀል አስተኚው። ፌስታሉ ስጋው መዶሻው ላይ እንዳይጣበቅና ፍንጣሪው ግድግዳው ላይ እንዳያርፍ ነው።

ጥርስ ባለው ፊት ጀምሪ፤ አንድ ጊዜ በዚህ ፊት፣ አንድ ጊዜ ገልብጠሽ በዚያኛው፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ክንድሽን ከፍ አድርገሽ አትውቂው፤ መዶሻው በራሱ ክብደት ይውደቅ። ቀጥሎ በለጡ ፊት ከመሀል ወደ ዳር እየገፋሽ 6 ወይም 7 ሚሊ ሜትር እስኪሆን አሳሺው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጥርሱን እስከ መጨረሻው ሲጠቀምበት ነው፤ ስጋው ወንፊት ይሆናል፣ ፈሳሹ መጥበሻው ላይ ይወጣል፣ የዳቦው ዱቄትም ከላዩ ይገፈፋል። አንድ ፈተና ልስጥሽ፦ የተደበደበውን አንስተሽ ወደ ብርሃን ብታሳዪው ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ካለ አልፈሽበታል።

ለጥብስ ከሆነ ከተከተፈ በኋላ መደብደብ ዋጋ የለውም። ከመከተፉ በፊት 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ሙሉ ቁራጭ በጥርሱ ፊት በሁለቱም ወገን አሳርፊበትና ከዚያ ክተፊው። መዶሻ የሌለው ሰው በወፍራም መጥበሻ ቂጥ መምታት ይችላል። ዘነዘና አልመክርም፤ ጫፉ ክብ ስለሆነ አንዱን ቦታ ያላምና አጠገቡን ይተዋል። ጠርሙስማ ጭራሽ!

መዶሻሽ አሉሚኒየም ስለሆነ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አታስገቢው፤ ይጠቁርና እጅ ላይ ግራጫ ነገር ይለቃል። በእጅ፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ ጥርሱ መሀል በብሩሽ።

ባለ ምላጩ። ይሄኛው ከመዶሻው የሚለየው ስጋውን ሳያሳሳ ክሩንም ቀጫጭን ጅማቱንም ቆርጦ ማለፉ ነው። 2 እና 3 ሳንቲ ሜትር ለሚሆን ወፍራም ቁራጭ ከሦስቱ የምመርጠው እሱን ነው። ስጋው ከፍሪጅ ወዲያው የወጣ፣ ቀዝቃዛና ጠንከር ያለ ይሁን፤ ለብ ያለ ስጋ ከምላጩ ጋር አብሮ ይነሳል። መሣሪያውን ቀጥ አድርገሽ ተጫኚ፤ ካጋደልሽው ምላጩ ይጎብጣል። በየ1 ሳንቲ ሜትሩ እያራመድሽ ሙሉውን ሸፍኚ፣ ቁራጩን ሩብ ዙር አዙረሽ ድገሚ፣ ገልብጠሽ አንድ ጊዜ። በቃ። አጥንት ያለበት ስጋ ላይ አይሞከርም። ሹካ እኮ ያው ነው የሚሉ አሉ፤ ያው አይደለም። ሹካ ድንዝ ስለሆነ ክሩን ወደ ጎን ይገፋዋል እንጂ አይቆርጠውም።

ከሥራ በኋላ ፍቺው። ምላጮቹ የሚያልፉባት የፕላስቲክ ወንፊት ውስጥ የስጋ ክር ይቀራል፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና ነክረሽ በብሩሽ ከውስጥ ወደ ውጭ እጠቢ፣ ሳትገጥሚ አድርቂ። ጣትሽን እንዳታስገቢ።

ለክትፎ? አይሆንም። ክትፎ በራሱ ስጋን በቢላ ማለስለስ ነው፤ ጅማቱና ሽፋኑ እየተለቀመ ክሩ እስኪያጥር ይከተፋል። ምላጩ የሚጨምርለት ነገር የለም፣ የሚያመጣው ጣጣ ግን አለ። ይህን ከኔ በላይ የሚያብራራ ሰው እዚህ ቤት አይጠፋም።


ልኳንዳው_ከመርካቶ

ልጄ፣ መሣሪያው ከመሳቢያ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠየቃል። የትኛው ብልት ነው? በሬው ምን ዓይነት ነው? የታረደው መቼ ነው?

ብልቱን በአጭሩ ልበልሽ። ጭቅናና ሽንጥ ማለስለሻ አይፈልጉም፤ እነሱን መደብደብ ማበላሸት ነው። ሳልገኝና ሙዳ መሀል ላይ ናቸው፤ መዶሻውም ባለ ምላጩም የሚጠቅመው እዚህ ነው። ወርች፣ አንገት፣ ፍርምባና ቅልጥም ዙሪያ ያለው ስጋ በጅማት የተያዘ ስለሆነ በ5 ደቂቃ ጥብስ በምንም ዘዴ አይለሰልስም። እሱ የወጥና የቅቅል ነው። «የጥብስ» ብለሽ ከጠየቅሽ ደባልቆ የሚሰጥሽ አይጠፋም፤ ስለዚህ የብልቱን ስም ጥሪ፣ ሳይከተፍ በሙሉው ተቀበዪ።

በሬው። ደልቦ የመጣ ወጣት ሰንጋና ዓመታት ያረሰ በሬ አንድ ብልታቸው እንኳ አንድ አይደለም። በሬ ሲያረጅ ጅማቱ እርስ በርሱ እየተቆላለፈ ስለሚጠብቅ እሳት ቶሎ አይፈታውም። የስብ ቀለም ጥቂት ያመለክታል፦ ጠለቅ ያለ ቢጫ ስብና ጠቆር ያለ ስጋ አብዛኛውን ጊዜ የቆየ ከብት ነው። ሣር የበላ ከብትም ስቡ ቢጫ ስለሚሆን በዚህ ብቻ አትፍረጂ። ጅማቱን በጥፍርሽ ጫን በዪው፤ ወፍራምና የማይታጠፍ ከሆነ ለጥብስ አትውሰጂ።

አሁን ዋናው። ስጋ ከታረደ በኋላ አንድ ዓይነት ሆኖ አይቀመጥም። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ገና አልደረቀም፣ ለስላሳ ነው፤ የጠዋት ቁርጥ ጥርስ የማያደክመው በዚህ ነው። ከዚያ ክሩ ይኮማተርና ይደርቃል፤ በበሬ ላይ ድርቀቱ ጫፍ የሚደርሰው ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ባለው ጊዜ ነው። ቀጥሎ ስጋው ውስጥ ያሉት የራሱ ኢንዛይሞች ክሩን ቀስ እያሉ ይፈቱታል፤ ይሄ በ0 እና በ4 ዲግሪ መሀል ቀናት ይፈልጋል። በሠለጠነ ማቀዝቀዣ ከ7 እስከ 14 ቀን የሚሰቅሉት ለዚህ ነው። ጠዋት የታረደ ገዝቶ፣ አሳድሮ፣ በማግስቱ የሚጠብስ ሰው ልክ በደረቀበት ሰዓት ላይ ነው የሚደርሰው። ያንቺም ጎማ ከዚሁ ነው የሚመስለኝ።

ቅርጫ ላይ ደግሞ የባሰ አለ። በዓል ነው፣ ስጋው ሞቅ እንዳለ ይመጣል፣ ተከታትፎ በትንንሽ ፌስታል ሆኖ ቀጥታ ፍሪዘር ይገባል። ሳይደርቅ በፊት ቶሎ ከ10 ዲግሪ በታች የወረደ የበሬና የበግ ስጋ ክሩ በቅዝቃዜው ይሸመቀቃል፤ የተሸመቀቀ ክር ደግሞ በኋላ አይዘረጋም። ሳይደርቅ በረዶ የሆነው ደግሞ ሲቀልጥ ባንዴ ይኮማተርና ፌስታሉን በቀይ ውሃ ይሞላዋል። ከዚያ ሰው «በሬው አርጅቶ ነው» ይላል። በሬው ምን አደረገ?

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የቅርጫ ድርሻሽን አትከታትፊው። ትልቅ ቁራጭ ቀስ ብሎ ይበርዳል፣ አጥንት ላይ ያለ ስጋም ክሩ ተወጥሮ ስለሚቆይ እንደልቡ አይኮማተርም። ትልልቁን ንጹሕ ትሪ ላይ አድርገሽ፣ ሸፍነሽ፣ ፍሪጁ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጪ። 3 ቀን፣ ቢበዛ 5። ከዚያ ክተፊና ፍሪዘር አስገቢ። ፍሪዘር ውስጥ ማለስለሱ ይቆማል፤ «ሁለት ወር ቆይቷልና ለስልሷል» ማለት አይሠራም። አስቀድመሽ በረዶ ያደረግሽውን ደግሞ ውሃ ውስጥ ወይም ጠረጴዛ ላይ አታቅልጪው፤ በትልቁ እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ ቀን እስከ ሁለት ቀን ይቅለጥ። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ፍሪጁ ተዘግቶ 4 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ከዚያ ካለፈ ማቆየቱን ትተሽ የዚያኑ ቀን አብስዪ።

ቢላው። ጥሬውን ስጋ ብታዪው እንደ ተበጠረ ጸጉር ወደ አንድ ወገን የተኛ መስመር አለው። ቢላ ያንን አቋርጦ ሲያልፍ አፍ የሚያገኘው አጭር ክር ነው፤ ተከትሎት ሲሄድ ግን ጥርስ ራሱ መቁረጥ አለበት። ሙዳ ውስጥ ሁለት ሦስት ጡንቻ ተጣብቆ ስላለ የመስመሩ አቅጣጫ መሀል ላይ ይቀየራል። ስለዚህ መጀመሪያ በሽፋኑ መገናኛ ላይ ለያዪያቸው፣ ከዚያ እያንዳንዱን በራሱ አቅጣጫ። ዝልዝል ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ለቋንጣ የሚዘለዘለው ክሩን ተከትሎ ነው፣ ገመዱ ላይ ሲሰቀል እንዳይበጠስ። በዚያው አዘላዘል የተሠራ ዝልዝል ጥብስ ከሳልገኝም ቢሆን ያታግላል። ለጥብስ ሲሆን ዝልዝሉ አግድም ክሩን ያቋርጥ። ሲያነሡት ሊበጠስ ይችላል፤ ይበጠስ፣ ሆድ ውስጥ አይሰቀል።


ፓፔይን_እና_ጓደኞቹ

ጋሼ ልኳንዳው የተናገሩት ላይ የምጨምረው የዱቄቱንና የፓፓያውን ነው።

ፓፔይን ከጥሬ ፓፓያ ነጭ ወተት የሚወጣ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ነው። ከአናናስ ብሮሜሌን፣ ከኪዊ አክቲኒዲን፣ ከዝንጅብል ደግሞ ዚንጂቤይን ይወጣል። ስለነሱ ሁለት ነገር ካወቅሽ ገንፎውም ጎማውም ይገባሻል።

አንደኛ፣ ስጋ ውስጥ ጠልቀው አይገቡም። ሌሊቱን ብታሳድሪው ላዩን ይበላሉ እንጂ መሀል አይደርሱም። 3 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ላይ ውጪው ሲልም ውስጡ እንዳለ ነው። ስለዚህ ስስ ስጋ ላይ ነው የሚሠሩት፤ ለወፍራም ከሆነ መጀመሪያ በባለ ምላጩ ይወጋጋ።

ሁለተኛ፣ ፍሪጅ ውስጥ ቀስ ይላሉ፣ እሳት ላይ ይነሣሉ። ፓፔይን በጣም የሚሠራው በ50 እና በ70 ዲግሪ መሀል ነው፤ ከ80 በላይ ሲሄድ ይከሽፋል። ስለዚህ ዋናው ሥራ የሚሠራው መጥበሻው ላይ ነው። ፓፓያ የተቀባ ስጋ ቀዝቃዛ ድስት ውስጥ ገብቶ በዝግታ ሲሞቅ በዚያ ክልል ብዙ ደቂቃ ይቆያል፤ ገንፎ የሚሆነው በዚያ ነው። ለወጥ ፓፓያ የማይመከረውም በዚህ ነው። መጥበሻው ቀድሞ ይጋል፣ ስጋው በፍጥነት ይለፍ።

መጠኑ። ዱቄቱ፦ ለግማሽ ኪሎ 1 የሻይ ማንኪያ፣ ለኪሎ 2። ስጋውን በትንሽ ውሃ አርጥበሽ እኩል ነስንሺ፣ ሳታሳድሪ ጥበሺ። ከዱቄቱ ብዙው ጨው ስለሆነ ሌላ ጨው አትጨምሪ። የዱቄቱ ማሸጊያ ሌላ መጠን ካለ እሱን ተከተዪ፣ ጥንካሬያቸው ይለያያል። ጥሬ አረንጓዴ ፓፓያ፦ ለ1 ኪሎ በስሱ ለተከተፈ ስጋ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈገፈገ፣ 30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከዚያ ጠራርገሽ ወደ መጥበሻው። የበሰለ ፓፓያ ኢንዛይሙ ደካማ ስለሆነ ስኳሩ ብቻ ይቀርና ያሳርርብሻል። አናናስ ትኩስ ከሆነ 15 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል፤ የቆርቆሮው አናናስ በሙቀት ስላለፈ ኢንዛይሙ ሞቷል፣ ማጣፈጫ ብቻ ነው። ለላቴክስ (የጎማ ጓንት የሚሠራበት ነገር) አለርጂ ያለበት እንግዳ ካለ ፓፓያንም ዱቄቱንም ተዪው።

ለኛ ወጥ ቤት የሚስማማው ግን ዝንጅብል ነው፤ ለማንኛውም ጥብሱ ውስጥ ይገባል። ትኩሱን ፈግፍገሽ ጨምቂ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ጭማቂ ለግማሽ ኪሎ፣ አንድ ሰዓት። ጅማት የሚሠራበትን ኮላጅን በመንካት ከፓፓያ ይሻላል፣ ስጋውንም ገንፎ ለማድረግ አይቸኩልም። የደረቀው የዝንጅብል ዱቄት ለዚህ አይሆንም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እነዚህን ከእርጎ ጋር አታሳድሪ። የእርጎውን ፕሮቲን ይቆርጡና ይመርራል።

ቤኪንግ ሶዳ እውነት ነው፣ ግን መንገዱ ሌላ ነው። የስጋውን ላይ አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) ያደርገዋል፤ ያኔ ፕሮቲኑ እሳት ሲነካው አጥብቆ አይሰበሰብም፣ ውሃውንም ይይዛል። ቻይናዎቹ በስስ ለተከተፈ ስጋ የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። ለግማሽ ኪሎ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ በ2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጠሽ እሺው፣ 15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በውሃ አለቅልቀሽ በጨርቅ ወይም በወረቀት አድርቂ። 5 ሚሊ ሜትር ለሚሆን ስጋ ግሩም ነው፤ ለጉርድ ጉርድ ግን ላዩ ላይ ይቀራል። ከበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል። ቤኪንግ ፓውደር ምትኩ አይደለም። ከሎሚ ጋር አንድ ላይ ማድረግ ደግሞ አረፋ ማየት ካልሆነ ትርፍ የለውም፤ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል።

ጨው ብቻውንም ማለስለሻ ነው፣ ሰው ይንቀዋል እንጂ። ለኪሎ 10 ግራም፣ ማለትም ወደ 2 የሻይ ማንኪያ፣ ከመጠበሱ ከአንድ ሰዓት በፊት። መጀመሪያ ውሃ ያወጣል፣ ቆይቶ መልሶ ይመጠዋል፤ ስጋው እሳት ላይ የሚያጣው ውሃ ይቀንሳል። በ10 ደቂቃው ላይ፣ ውሃው ውጭ ባለበት፣ መጥበስ ነው መጥፎው ሰዓት።


ሲልቨር_ስፕሪንግ_ወጥቤት

ባለ ምላጩንና ክትፎን ላነሡት፦ ያልተነካ ሙሉ ቁራጭ ስጋ ላይ ባክቴሪያ ካለ በአብዛኛው ያለው ከላዩ ላይ ነው። ምላጩ ሲወጋው ላዩ ላይ ያለውን ይዞ መሀል ያደርሰዋል። ላዩን በእሳት ጠብሶ ውስጡን ቀይ መተው ለሙሉ ስቴክ ብዙም አያሰጋም፤ ለተወጋ ስቴክ ግን ውስጡም መብሰል አለበት። ልኩ መሀሉ ላይ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ 3 ደቂቃ ማረፍ ነው፤ ቴርሞሜትሩ ከጎን በኩል ወደ መሀል ይገባል። በመፍጫ ማሽን ለተፈጨ ስጋ 71 ነው።

አሜሪካና ካናዳ ላለን ደግሞ ተጨማሪ አለ። ከትልልቅ መደብሮች የሚገዛ የበሬ ስጋ በፋብሪካ ተወግቶ ሊመጣ ይችላል። ቀዳዳው በዓይን አይታይም። አሜሪካ ከግንቦት 2016 ጀምሮ፣ ካናዳ ከነሐሴ 2014 ጀምሮ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ አስገድደዋል። «ሜካኒካሊ ተንደራይዝድ»፣ «ብሌድ ተንደራይዝድ» ወይም «ኒድል ተንደራይዝድ» የሚል ካየሽ ለክትፎ፣ ለቁርጥ፣ ለለብለብም አትግዢው። ጽሑፉ አንዳንዴ ከስሙ ሥር በትንሹ ነው፤ ጀርባውን ገልብጦ ማንበብ ነው። የካናዳው ማሸጊያ ስቴኩን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ማገላበጥንም ይጨምራል፤ ሙቀቱ ከሁለቱም ወገን እኩል እንዲገባ ነው።

ሙሉ ቁራጭ ገዝቶ ቤት ውስጥ መክተፍ ጥሬ ስጋን ከአደጋ ነጻ አያደርገውም፤ መወጋቱን ብቻ ነው የሚያስቀረው። ፍሪዘር ባክቴሪያ ያደነዝዛል እንጂ አይገድልም።


ሚጥሚጣ_27 (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ ልኳንዳው፣ የቅርጫው ነገር ብርሃን ሆነልኝ። አራት ነገር ቀረኝ። ባለመጥበሻ፣ መጥበሱ ላይ ደቂቃውንና እሳቱን ብትነግረኝ። የወርችና የፍርምባ ስጋስ ወጥ ውስጥ ስንት ሰዓት ይፈልጋል? ድሬዳዋ ቶሎ የሚበስለው አዲስ አበባ ለምን ይዘገያል? ገንፎ የሆነውንስ የፓፓያ ስጋ መጣል ብቻ ነው?


ባለመጥበሻ

ጥብሱ። 28 ሳንቲ ሜትር መጥበሻ ላይ ከ350 ግራም በላይ ባንዴ አታድርጊ። ግማሽ ኪሎና አንድ ኪሎ ባንዴ ሲገለበጥበት ብረቱ ይበርዳል፣ ስጋው ውሃ ይለቃል፣ ከዚያ በገዛ ውሃው ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ስሚው፤ ጥብስ «ጭስስ» ይላል፣ ቅቅል «ጵልቅ ጵልቅ» ይላል። ድምፁ ከተቀየረ ስጋውን አውጪ፣ ውሃውን ድፊ፣ ብረቱን አግዪና መልሺው። ስጋው የደረቀ፣ መጥበሻው ትንሽ ጭስ እስኪያወጣ የጋለ፣ መጀመሪያ ዘይት፤ ቅቤው ኋላ ይግባ፣ አለዚያ ያርራል። 2 ሳንቲ ሜትር ለሆነው ለስላሳ ብልት ከ3 እስከ 4 ደቂቃ በቂ ነው። ሽንኩርቱ ለብቻው ይብሰልና መጨረሻ ላይ ይገናኙ። ሽንኩርት ላይ ጥሬ ስጋ መጨመር ያው ቅቅሉን መጥራት ነው።

ለምን ደቂቃው አጭር መሆን አለበት? ስጋ 60 ዲግሪን ሲያልፍ ጅማቱ ይሰበሰብና ውሃውን እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ያወጣዋል። ጅማቱ ራሱ ቀልጦ እንዲለሰልስ ደግሞ ረጅም ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ ወይ 4 ደቂቃ ወይ 2 ሰዓት ነው። በመሀል ያለው 20 ደቂቃ ከሁለቱም የከፋ ነው፤ «ገና ነው፣ ትንሽ ይብሰል» እየተባለ ጥብስ የሚደርቀው እዚያ ላይ ነው።

ወጡን በተመለከተ፦ ወርችና ፍርምባ በ3 ሳንቲ ሜትር ተቆርጠው ክዳን ገጥሞ በቀስታ ከ2 እስከ 2 ሰዓት ተኩል ይፈልጋሉ፤ ያረጀ በሬ ከሆነ 3። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከባሕር በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ወደ 96። እሳቱን ብታበዢም የፈላ ውሃ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ የሚጨምረው እንፋሎቱ ብቻ ነው። ያቺ 4 ዲግሪ ጅማት ላይ ብዙ ደቂቃ ናት። ፕሬዠር ድስት ይህን ያስቀረዋል፤ ፊሽካው ከጀመረ በኋላ እሳቱን ቀንሰሽ 40 ደቂቃ፣ ከዚያ ራሱ እስኪተነፍስ መጠበቅ። ቁሌቱን ለብቻ አቁላልተሽ ስጋውን ከነመረቁ ኋላ ጨምሪ። ሲበስል ለማወቅ አንዱን ጉርድ በሹካ ጠምዝዢ፤ ሹካው ሳይታገል ከዞረ ደርሷል፣ ስጋው ተከትሎ ከዞረ ገና ነው።


ፓፔይን_እና_ጓደኞቹ

የገንፎውን እኔ ልመልስ። የተቆረጠ ፕሮቲን አይመለስም፤ ኢንዛይሙን ግን ማቆም ይቻላል። ስጋው ገና ጥሬ ከሆነና ሲነካ መለጥለጥ ከጀመረ በቀዝቃዛ ውሃ በፍጥነት አለቅልቀሽ አድርቂው፣ በጣም በጋለ መጥበሻ ላይ ጥቂት ጥቂት እያደረግሽ ጥበሺው። ሎሚ ብትጨምሪበት አይቆምም፤ የሚያቆመው ሙቀት ነው። አልፎበት ከሆነ በቢላ ጨፍጭፈሽ ከእንቁላል፣ ከደረቀ የዳቦ ፍርፋሪና ከሽንኩርት ጋር ለውሰሽ ክብ ክብ አድርገሽ ጥበሺው፤ ለአንድ ኪሎ 2 እንቁላልና 100 ግራም ፍርፋሪ ይይዘዋል። ሳምቡሳ ውስጥም ይሆናል። ጠረኑ ከተለወጠ ግን ወደ ቆሻሻው።